የቃሬዛው ገመድ

አዘዞ ላይ፣ ከጎንደር የሚወርደው አስፋልት ወደ ባሕር ዳርና ወደ መተማ ከሚከፈልበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ፣ አጎቴ ዕድሜውን የፈጀበት ጋራዥ አለ። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ዘይት የጠገበ አፈር ነው። ለጥምቀት ከቨርጂኒያ መጥቼ፣ ከከተራ ሁለት ቀን በፊት፣ መኪና በሚጠገንበት ጉድጓድ አፍ ላይ በርጩማ ስቤ ከአጎቴ ጎን ተቀመጥኩ። የመጣሁት ለበዓሉ ቢሆንም የሆዴን ጥያቄ የምጠይቀው ሌላ ሰው አልነበረኝም። እ.ኤ.አ. በ1974 የተሠራች ሼቭሮሌ ኮርቬት አለችኝ፤ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቼ የገዛኋት። እሷን ዝቅ ለማድረግ ረጅም ብሎን ልግዛ አልግዛ እያልኩ ወራት አልፈውኛል። ያን ዕለት የተነጋገርነውን ሳልረሳው ጻፍኩት።

እኔ፦ ጋሼ፣ እስኪ ይችን ፎቶ ይዩልኝ።

አጎቴ፦ ቆይ፣ መነጽሬን ላድርግ። … እሰይ! ኮፋኖዋ እንዴት ረዝሟል! ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው?

እኔ፦ ሁለት ብቻ።

አጎቴ፦ ታምራለች። የማን ሥራ እንደሆነች ባላውቅም የሠራት ሰው ዓይን ነበረው። ምን ሆነችብህ?

እኔ፦ ኋላዋን ከፍ አድርጋ ነው የምትቆመው። ከሁለት ዓመት በፊት ባሌስትራዋ ደክሞ ነበርና በአዲስ ቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ ከኋላ የተነሳች ይመስለኛል። እዚያ አገር ይህን ለማስተካከል ረጅም ብሎን ይሸጣል። የፋብሪካው ወደ 7 ኢንች ገደማ ነው። 8 ኢንችም አለ፣ 10 ኢንችም አለ። የትኛውን ልግዛ?

አጎቴ፦ ባሌስትራ አልከኝ? እንዲህ ያለች መኪና ባሌስትራ አላት?

እኔ፦ አላት፤ ያውም አንድ ብቻ። እንደ አይሱዙ በመኪናው ቁመት ሳይሆን በወርዱ ነው የተጋደመው፤ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ። ዘጠኝ ብረት ተነባብሮ መሐሉ ላይ ከዲፈረንሻሉ ሥር ታስሯል። ሁለቱ ጫፎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው በአንድ ረጅም ብሎን ጎማውን ከያዘው ክንድ ጋር ተያይዘዋል።

አጎቴ፦ ይሄማ ሰይቼንቶ ነው!

እኔ፦ ሰይቼንቶ?

አጎቴ፦ ፊያት ስድስት መቶ። አንተ አልደረስክበትም እንጂ የአዲስ አበባ ታክሲ ሁሉ እሱ ነበር፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ። ዳንቴ ጃኮዛ የሚባል ጣሊያናዊ መሐንዲስ የነደፈው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ወጣ። ሞተሩ ከኋላ፣ ባሌስትራው ከፊት፣ በወርዱ የተጋደመ። ስንቱን ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። ያንተዋ የሰይቼንቶን ባሌስትራ ወደ ኋላ አዙራ ይዛዋለች ማለት ነው።

እኔ፦ አሜሪካኖቹ ከኋላ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። አቀማመጡን ሳይለውጡ እስከ 1982 ድረስ ቀጠሉበት።

አጎቴ፦ ሃያ ዓመት ያህል ያልለወጡት ነገር ሞኝነት ሊሆን አይችልም። ቦታ ይቆጥባል፤ አንድ ብረት የሁለት ሞላ ሥራ ይሠራል። ብሎኑ ግን አልገባኝም። ባሌስትራው ከክንዱ በላይ ነው ወይስ በታች?

እኔ፦ በታች።

አጎቴ፦ እንግዲያው ክንዱ ባሌስትራውን በብሎኑ አንጠልጥሎ ይዞታል። ገባኝ። ልጅ ሆነህ ከቆላ በቃሬዛ የመጣ በሽተኛ አይተህ ታውቃለህ?

እኔ፦ አይቻለሁ። አያቴን ራሱ በቃሬዛ ነው ያወጧት።

አጎቴ፦ እኔም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበርኩ። አራት ሰው አጣናውን ትከሻው ላይ ያደርጋል፤ አልጋው በገመድ ከአጣናው ይንጠለጠላል። አሁን ገመዱን በአንድ ክንድ አስረዝመው። ተሸካሚዎቹ ዝቅ አሉ?

እኔ፦ አላሉም።

አጎቴ፦ በሽተኛዋ ግን ወረደች። ያንተም ብሎን ያ ገመድ ነው። ጎማዎቹ ተሸካሚዎች ናቸው፤ መኪናዋ ታማሚዋ። ገመዱ ሲረዝም ጎማው ባለበት ይቆማል፤ መኪናዋ ትወርዳለች። ባሌስትራውን ሳትነካ፣ ሳትቆርጥ፣ በእሳት ሳታለዝብ ትወርዳለች። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ። እኛ አገር ዝቅ ማድረግ የፈለገ ሞላውን በኦክሲጅን እሳት ያግለዋል፤ ብረቱ ሲቀላ ይተኛል፣ መኪናው ይወርዳል። ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሄዳል። ብረቱ ግን ጉልበቱን የሚያገኘው በፋብሪካ እሳትና በማቀዝቀዣው ልክ ነው፤ አንዴ ካቃጠልከው ያ ልክ ጠፋ። ዛሬ ተኛ፣ ነገ ይበልጥ ይተኛል፣ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ብሎን መለወጥ ግን ነገ ብትጸጸት የምትመልሰው ነገር ነው።

እኔ፦ ታዲያ 1 ኢንች የረዘመ ብሎን ባስገባ መኪናዋ 1 ኢንች ትወርዳለች?

አጎቴ፦ ክንዱ የሚዞርበት ቦታ የት ነው?

እኔ፦ ከፊት፣ ከጎማው ቀድሞ።

አጎቴ፦ ብሎኑስ?

እኔ፦ ከኋላ፣ ከጎማው መሐል አልፎ፣ የክንዱ ጫፍ ላይ።

አጎቴ፦ እንግዲያው ከ1 ኢንች ትንሽ ታንሳለች። በር ስትከፍት እጀታው ብዙ ይሄዳል፣ ማጠፊያው አጠገብ ያለው እንጨት ግን ጥቂት ነው የሚሄደው። ብሎኑ እጀታው ጋ ነው፤ ጎማው ከእጀታው ወደ ማጠፊያው ቀረብ ብሏል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ግን ስትለካ ከጠበቅከው አንሶ ብታገኘው አትደንግጥ።

እኔ፦ እዚህስ ብሎን አስረዝመው መኪና ዝቅ አድርገው ያውቃሉ?

አጎቴ፦ በዚህ መንገድ? ከዚህ እስከ ጎንደር ያለው 12 ኪሎ ሜትር ደህና ነው፤ መተማ ድረስ ሂድና ተመለስ፣ ዝቅ ላድርግ አትልም። እዚህ ብሎን የሚረዝመው መኪና ሊነሳ ነው። ኤንትሬን ታስታውሳለህ?

እኔ፦ ፊያት 682 ኤን 3። ስሙን ከጣሊያንኛው ቁጥር እንደወረስነው ያወቅሁት አሜሪካ ከሄድኩ በኋላ ነው።

አጎቴ፦ እኛ ጋራዥ ውስጥ ከጣሊያን ያልወረስነው ቃል የለም። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ባሌስትራ። ጎንደርን የያዙት አምስት ዓመት ተኩል ብቻ ነው፤ በ1934 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እዚሁ ነው እጃቸውን የሰጡት። ቃላቸው ግን ከመኪናቸው ጋር ቀረ። አሁን የምነግርህን ስማኝ። ኤንትሬ ላይ ባሌስትራው አክስሉ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሁለቱን አንድ ላይ አቅፎ የሚያስረው እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት የታጠፈ ብሎን ነው። ባለንብረቱ ብዙ ልጫን ሲል ሁለት ብረት ይጨምራል፤ ንብብሩ ይወፍራል፤ የድሮው ብሎን አይደርስም። ስለዚህ ረጅም ይሠራል። መኪናው ይነሳል።

እኔ፦ የኔን ረጅም ብሎን ያወርዳታል፤ ያንን ያነሳዋል።

አጎቴ፦ ባሌስትራው ከአክስሉ ሥር የታሰረበት መኪና ቢሆን ደግሞ፣ በመሐላቸው እንጨት ወይም ብረት ብትጨምር ያወርደዋል። ብሎኑ ራሱ ማንሳትም ማውረድም አያውቅም። የትኛው ማንን እንደተሸከመ ሳታውቅ «ረጅም ብሎን ያወርዳል» የሚልህን አትስማ። … አሁን ያንን መደርደሪያ ላይ ያለውን ብረት አምጣልኝ። ከቆርቆሮው ጎን፣ አዎ፣ እሱን።

(ያነሳሁት በጨርቅ የተጠቀለለ የተሰበረ ብሎን ነበር፤ አንድ ክንዱ ብቻ የቀረ።)

አጎቴ፦ የተሰበረበትን ፊት ተመልከት። ምን ታያለህ?

እኔ፦ ግማሹ ጥቁርና ለስላሳ ነው። ግማሹ ሸካራና የሚያብለጨልጭ … ማለቴ በዝጉ ሥር ሸካራ ነው።

አጎቴ፦ የዛሬ ስንት ዓመት መሆኑን እንጃ፣ ዝጎበታል። ያኔ ግን ሸካራው እንደ ስኳር ያብረቀርቅ ነበር። ወጣት ረዳት ነበርኩ። እህል ጭነን ከጎንደር ወደ ሽሬ ስንሄድ ሊማሊሞ ላይ ነው የተበጠሰው፤ ከደባርቅ ቁልቁል ስንወርድ። አክስሉ በአንድ ጎን ወደ ኋላ ሸሸ። መኪናው አፍንጫውን ወደ ገደሉ ሊያዞር ሲል ሾፌሩ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ወደ ተራራው ግድግዳ አጋጨው። ጋቢናው ተጨፈለቀ፤ እኛ ተረፍን። ወርጄ ብሎኑን ፈለግሁት። ጥቁሩ ግማሽ ቀድሞ ከተሰነጠቀ ቆይቷል ማለት ነው፤ አየርና ውሃ እየገባበት ጠቁሯል፤ ጭነት ሲነቃነቅ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተቀደደ ኖሯል። የሚያበራው ግማሽ ያን ቀን የተበጠሰው ነው። ለወራት በግማሽ ብሎን ስንወጣና ስንወርድ ነበር።

እኔ፦ ለምን ተሰነጠቀ?

አጎቴ፦ ከፌሮ ነው የተሠራው። የቤት ማቆሚያ ፌሮ ቆርጠው፣ አግለው፣ አጥፈው፣ ቶርኖ ላይ ጥርስ አወጡለት። ርዝመቱ ልክ ነበር። ሌላው ሁሉ ልክ አልነበረም። ሰው ብሎን ሲገዛ ርዝመቱን ነው የሚያየው፤ አንተም ስትመጣ 8 ወይስ 10 ብለህ ነው የጠየቅከኝ። እኔ መጀመሪያ የምጠይቅህ የራሱን ምልክት ነው።

እኔ፦ እዚያ የሚሸጠው ራሱ ላይ ስድስት መስመር አለው፤ ግሬድ 8 ይሉታል።

አጎቴ፦ ሦስት መስመር ያለውስ?

እኔ፦ ግሬድ 5 ነው። እነሱ በፓውንድ ነው የሚቆጥሩት፤ ግሬድ 5 በአንድ ካሬ ኢንች 120 ሺህ ፓውንድ እስኪሳብ አይበጠስም፤ ግሬድ 8 ደግሞ 150 ሺህ።

አጎቴ፦ የኛው በቁጥር ነው። አይሱዙው ላይ 8.8 ወይም 10.9 ተጽፎ ታያለህ። ለልጆቹ ሳስተምር እንዲህ ነው የምላቸው፦ የፊተኛው 8፣ አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ብረት ወደ 80 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ነጥቡን ተከትሎ ያለው 8 ደግሞ ከዚያ ከመቶ 80 ላይ ሲደርስ ብረቱ ተለጥጦ አይመለስም ይልሃል። 10.9 ወደ 100 ኪሎ ይሸከማል፤ ሳይለጠጥ የሚቆየው ከመቶ 90 እስኪደርስ ነው። ራሱ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ብሎን ምንም ቃል አልገባልህም። እሱን የበር ማጠፊያ አስርበት።

እኔ፦ ከዚሁ ብገዛ ይሆን ብዬም አስቤ ነበር።

አጎቴ፦ ተው! ያንተዋ በኢንች ናት። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። የኛን 12 ቁጥር ብታስገባበት ዘው ብሎ ይገባል፤ ገባልኝ ብለህ ትደሰታለህ። ያቺ 0.7 ሚሊ ሜትር ግን በየጉድጓዱ ትንቀሳቀሳለች፤ ስትንቀሳቀስ ትመታለች፤ ስትመታ ቀዳዳው ይሰፋል። ዳዶውም ጥርሱ አይገጥምም፤ በጉልበት ካጠበቅከው ይበላዋል። ከአገሯ ግዛላት። ደግሞ አንድ ነገር፦ ጥርሱ እስከ የት ድረስ ነው የወጣው?

እኔ፦ የ10 ኢንቹ ብዙ ጥርስ አለው። ዳዶውን የፈለግሁት ቦታ ላይ ማቆም እችላለሁ ብዬ ነው እሱ የማረከኝ።

አጎቴ፦ ያማልላል። ግን ጥርስ ማለት ቀጭን ቦታ ማለት ነው፤ ብሎን ሲሰነጠቅ የሚጀምረው ከጥርሱ ሥር ነው። ይህም ከጥርሱ ነው የጀመረው፤ አየህ? ቀዳዳው ውስጥ የሚያልፈው ክፍል ልሙጥ ይሁን፤ ጥርሱ ዳዶው የሚያስፈልገው ጋ ብቻ ይድረስ። በቀጥታ የሚሳብ ብሎን በመርዘሙ አይደክምም፤ ገመድ ረጅም ስለሆነ ቀድሞ አይበጠስም። የሚጎዳው ሲጣመም ነው። ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ ብሎኑ መወዛወዝ አለበት፤ ለዚህ ነው ከላይና ከታች ጎሚኒ ያለው። ጎሚኒው አርጅቶ ከደረቀ አዲሱ ብሎን ምንም ቢሆን ይታጠፋል። ብሎን ስትገዛ ጎሚኒውን አብረህ ግዛ።

እኔ፦ ዳዶው እንዳይላላ የሚቆለፍበት ሽቦ አለው።

አጎቴ፦ ደግ። እሱንም አዲስ አድርገው፤ የድሮውን አቃንተህ አትመልሰው።

(ቡና መጣ። አንድ ልጅ ከጉድጓዱ ውስጥ 17 ቁጥር ቁልፍ እንድናቀብለው ጠየቀ፤ አጎቴ ሳያይ እጁን ዘርግቶ ትክክለኛውን አነሳለት። ከማዶ የጣሪያ ጭነት የደረደረ ሚኒባስ እየተወዛወዘ አለፈ።)

አጎቴ፦ እኔ ደግሞ ልጠይቅህ። ለምን ዝቅ ማለት አስፈለጋት? እንድታምር ነው?

እኔ፦ ማማሩን አልክድም። ግን ኩርባ ላይም ትወላገዳለች።

አጎቴ፦ ይሄን ሚኒባስ አየኸው? ጣሪያው ላይ የጫነው ነው የሚያወላግደው። በቅሎ ጭነህ ታውቃለህ፤ እህሉን ከጀርባዋ በላይ ከቆለልከው ዳገት ላይ ትንገዳገዳለች፤ ግራና ቀኝ ዝቅ አድርገህ ብታስርላት ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ክብደቱ ያው ነው፤ ከፍታው ነው የተለወጠው።

እኔ፦ እንደሱ ነው። ኩርባ ላይ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጨኛው የሚሻገረው ክብደት ከክብደቱ መሐል ከፍታ ጋር አብሮ ይጨምራል፣ አብሮ ይቀንሳል። መሐሉ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል፤ 2.5 ሴንቲ ሜትር ባወርዳት ከሃያ አንድ እጅ ይቀንሳል።

አጎቴ፦ ከሃያ አንድ። ጥሩ ነው፤ ግን ተአምር አይደለም። ለዚያች ከሃያ አንድ ምን እንደምትከፍል ታውቃለህ?

እኔ፦ ይንገሩኝ።

አጎቴ፦ ስለማውቃት መኪና ልንገርህ። ቮልስ። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የወጡባት። ያንተም መኪና የተሠራችው በዚያው ዓመት ነው አልክ?

እኔ፦ በዚያው፤ በፈረንጆቹ 1974።

አጎቴ፦ ቮልስ ሞላም ባሌስትራም የላትም። ከኋላ ሁለት ዘንግ ብረት አላት፤ ሲጠመዘዙ ነው የሚሸከሙት። እሷን ማውረድ ስትፈልግ ብሎን አትለውጥም፤ ዘንጉን ነቅለህ ጥርስ ትቀይራለህ። የውስጡ ጫፍ 40 ጥርስ ነው፣ የውጩ 44። የውስጡን አንድ ጥርስ ወዲህ፣ የውጩን አንድ ጥርስ ወዲያ ብታደርገው ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነው። 

እኔ፦ ዘጠኝ ዲግሪ ሲቀነስ ስምንት ነጥብ አንድ ስምንት … 0.8 ዲግሪ ገደማ።

አጎቴ፦ ጀርመኖቹ ሁለቱን ጫፍ እኩል 40 ማድረግ አቅቷቸው አይደለም። በደቃቁ እንድታስተካክለው ብለው ነው። ታዲያ አንድ ሰው ቮልሱን በጣም አወረዳት፤ በጣም። ለሠርግ ነበር የፈለጋት። ቆንጆ ሆነች። የኋላ ጎማዎቿ ግን አናታቸው ወደ ውስጥ ተጋደመ። ቮልስ ላይ አክስሉ ከመሐል ብቻ ነው የሚታጠፈው፤ ቦዲው ሲወርድ ጎማው ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም። ከጥቂት ወር በኋላ ጎማውን ይዞልኝ መጣ፤ የውስጡ ዳር ሽቦው ወጥቷል፣ የውጩ ዳር ገና አዲስ ነው። ጎማ ደግሞ ርካሽ አይደለም። መኪናም እንደልብ አይገኝም፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህማ ያለንን ነው የምንጠግነው።

እኔ፦ የኔም ትጋደማለች። ከላይ ጎማውን የሚይዘው የአክስሉ ዘንግ ራሱ ነው፤ ከታች ሌላ ዘንግ አለ። ስትወርድ አናቱ ወደ ውስጥ ይገባል። የታችኛው ዘንግ የውስጠኛ ጫፍ ላይ ግን መሐሉ ወደ ጎን የሸሸ ሮንዴላ ያለው ብሎን አለ፤ እሱን በማዞር ማቃናት ይቻላል።

አጎቴ፦ የሚያቃና ካለ ደስ ይላል። ስንት ድረስ ያቃናል?

እኔ፦ ገደብ አለው።

አጎቴ፦ ስለዚህ የብሎንህን ርዝመት ከሚወስኑት አንዱ እሱ ነው። ሌላው ላስቲኩ ነው። ጎማው ሲዘል ሻንሲውን እንዳይመታ የተቀመጠ ላስቲክ አለ፤ አሁን በመሐላቸው ስንት ጣት አለ? 2 ኢንች ካወረድክ ያን ቦታ በላህ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ጉብታ ላይ ባሌስትራው ሳይጨርስ ላስቲኩ ይመታል። አሞርዛተሩም ያጥራል፤ የሚጓዝበት ቦታ ከላይ ይጠፋበታል። ቃሬዛው ላይ ያለችውን አስብ እንጂ! ገመዱን ስናስረዝም ለተሸካሚ ይቀላል፤ አይወዛወዝም። ግን አያትህን ስናመጣ ገመዱን አሳጥረን ነው የመጣነው። ታውቃለህ ለምን?

እኔ፦ አላውቅም።

አጎቴ፦ መንገዱ ድንጋይ ነበር። የመጀመሪያው ወንዝ ላይ ጀርባዋን መታት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች። እዚያው አቁመን ገመዱን እንደገና ቋጠርነው። አጣናው ትከሻችንን ላጠው፣ አልጋው እንደ ጀልባ ተወዛወዘ፤ ሁለተኛ ግን አልመታትም። ከዚያ ወዲህ መኪና ዝቅ አድርግልኝ የሚለኝን ሁሉ የምጠይቀው የት እንደሚነዳው ነው። አንተ የት ነው የምትነዳት?

እኔ፦ እሑድ እሑድ፣ ተራራው ሥር ባለ አስፋልት። ልስልስ ነው። ቤታችን መግቢያ ላይ ግን ዳገት ያለው ጠርዝ አለ።

አጎቴ፦ ያ ጠርዝ ነው ያንተ ወንዝ። 10 ኢንቹን እርሳው። 8 ኢንች ይበቃሃል፤ እሱም ግድ ከሆነ።

እኔ፦ ግድ ከሆነ?

አጎቴ፦ እስካሁን አንድም ልኬት አልነገርከኝም እኮ። «ከፍ ብላለች» አልከኝ። በስንት? ከምን? ፎቶ ነው ያሳየኸኝ። ቤት ሰው አለ?

እኔ፦ ባለቤቴ አለች። እዚህ 9 ሰዓት ነው፤ እዚያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት።

አጎቴ፦ ተነስታ ከሆነ ለምናት። መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ ትይ፤ ንፋስ የጎደለው ጎማ ልኬቱን ያጠፋል። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ትሁን። ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ትለካ። ከመሬት አይደለም፤ ከጎማው መሐል።

(ደወልኩ። ባለቤቴ ሳቀች፣ ከዚያ ኮቷን ደርባ ወደ ጋራዡ ወረደች። አጎቴ ቡናውን ሳይጠጣ ጠበቀ። ሜትሩ ሲሳብ የሚሰማው ድምፅ በስልኩ መጣ፤ ቁጥሮቹን የካላንደር ጀርባ ላይ ጻፍኳቸው።)

እኔ፦ ንፋሱ ደህና ነው። የኋላ ግራ ከኋላ ቀኝ በ5/8 ኢንች ያንሳል።

አጎቴ፦ በኛ?

እኔ፦ ወደ 16 ሚሊ ሜትር።

አጎቴ፦ አንድ ጣት። ባሌስትራው አንድ ነው፤ አዲስ ነው። መሐሉ ላይ በትክክል ከታሰረ ግራና ቀኝ እኩል መሸከም አለበት። የቀኝና የግራው ብሎን ርዝመት እኩል ነው? ዳዶው እኩል ቦታ ነው የቆመው?

እኔ፦ እኔው ነኝ ያሰርኩት፤ ቆጥሬ ነው ያሰርኩት። እኩል ናቸው።

አጎቴ፦ እንግዲያው ችግሩ ከኋላ ላይሆን ይችላል። አንድ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ ታውቃለህ፤ ባጠረው ሲጋደም ማዶ ያለው እግር ነው የሚነሳው። ከፊት ምንድነው ያላት? ባሌስትራ ነው?

እኔ፦ አይደለም፤ ሞላ ነው። ግራና ቀኝ ለየብቻ።

አጎቴ፦ መቼ ቀየርካቸው?

እኔ፦ አልቀየርኳቸውም። ስገዛትም የነበሩት ናቸው።

አጎቴ፦ የ1974 ሞላ ከፊት፣ የትናንት ባሌስትራ ከኋላ። ኋላዋ ተነስቶ ይሁን አፍንጫዋ ወርዶ በምን አወቅህ? ፊት ግራው ሞላ ደክሞ ከሆነ ኋላ ቀኙን ያነሳዋል፤ ልክ እንደለካችልህ። በዚያ ላይ ረጅም ብሎን ብታስገባ ኋላዋንም አውርደህ ከደከመው ሞላ ጋር ታስተካክላታለህ።

እኔ፦ ብሎኑን አልገዛም ማለት ነው?

አጎቴ፦ እኔ አትግዛ አላልኩም። የፊቶቹ ስንት ናቸው?

እኔ፦ የፊቶቹን አልለካችም። የኋላውን ብቻ ነው የነገርኳት።

አጎቴ፦ ስልኩን አልዘጋችውም አይደል? በላት፣ ከግራው ትጀምር።